የአክስቴ ልጅ ካርድ፦ ስምንት ጊባ ወይስ ዐሥራ ስድስት?

በጁን 2025 አንድ ማታ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ደረሰኝ፤ ከአክስቴ ልጅ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ከኋላው የኮምፒውተሩ ፋን እንደ እህል ወፍጮ ሲያጓራ ይሰማኛል። "ጋሼ፣ ይሄ ካርድ አለቀለት። ብር አጠራቅሜያለሁ፤ ስምንት ጊባ ይበቃኛል ወይስ ዐሥራ ስድስት ልግዛ?" አለኝ። የሚጠይቀኝ ስለ ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የጌሙን ሥዕል ስለሚስለው ዕቃ። ጊባው (ጊጋባይቱ) የካርዱ የራሱ ሜሞሪ መጠን ነው። በአንድ ቃል መመለስ እችል ነበር። ያልመለስኩት የቆየ ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ያን የሚያጓራውን ካርድ የላክሁለት እኔው ነኝ። በ2017፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ ጂቲኤክስ 1060 ገዛሁለት፤ ባለ 3 ጊባውን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ባለ 6ቱ መጀመሪያ ሲወጣ ዋጋው 249 ዶላር፣ ባለ 3ቱ ደግሞ 199 ነበር። ሃምሳ ዶላር ተረፈችኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ያው ነው፣ ቁጥሩም ያው። ልዩነቱ ሜሞሪው ብቻ እንዳልሆነ፣ የስሌት ኮሮቹም ከ1280 ወደ 1152 እንደተቀነሱ ያወቅሁት ካርዱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው "ቴክስቸር" የሚለውን ሴቲንግ (ጌሙ ውስጥ ግድግዳውንና ልብሱን የሚያለብሰውን ሥዕል ጥራት) መጨረሻው ታች ላይ ማኖር ለመደ። ባለ 6ቱን የገዛ የክፍል ጓደኛው ያንኑ ጌም ደህና አድርጎ ይጫወት ነበር። እሱ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

ስለዚህ በዚህኛው ዙር ሥራውን እንደ ሥራ ያዝኩት። መጀመሪያ ያለውን ዕቃ ዘርዝር አልኩት። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 3600፣ ማዘርቦርዱ ቢ450፣ ራሙ 16 ጊባ፣ ፓወር ሰፕላዩ 550 ዋት፣ ስክሪኑ ተራ 1080ፒ (ቁጥሩ የሥዕሉን ጥራት ይለካል)። በ2020 ሌላውን ሁሉ ሲቀይር ካርዱን ብቻ "በኋላ" ብሎ አቆየው። ያ "በኋላ" ወዲያው የዕቃ እጥረትና ሰው በካርድ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍርበት ዘመን ላይ ወደቀ፤ የካርድ ዋጋ ሰማይ ወጣ፣ እሱም ተወው። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። 350 ዶላር የሚያወጣ ካርድ በባንክ ምንዛሬ ከ45 ሺህ ብር በላይ ነው፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ ሲደርስ የሚሆነውን ተዉት።

እዚህ አሜሪካ ያለ ልጅ ካርዱ ሲያንሰው ሸጦ፣ መቶ ዶላር ጨምሮ፣ በሁለት ዓመት ይቀይራል። የአክስቴ ልጅ ግን አንዴ ከገዛ ሰባት ስምንት ዓመት ይዞት ይኖራል። ለእሱ ዋናው ጥያቄ "ዛሬ የትኛው ይፈጥናል?" የሚለው ሳይሆን "በ2030 የትኛው አልከፍትም ይለኛል?" የሚለው ነው። የኢንተርኔት ግምገማው ግን ዘጠና በመቶ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው።

እሱ ግን ልቡ ያረፈበት ካርድ ነበረው፦ አርቲኤክስ 5060፣ ባለ 8 ጊባ፣ በሜይ 2025 የወጣ፣ 299 ዶላር። "አዲስ ትውልድ ነው፤ ደግሞ የኔ ችግር ጂፒዩው መድከሙ ነው እንጂ ሜሞሪ አይመስለኝም" ይላል። ጂፒዩ የሚለው የካርዱን የስሌት ቺፕ ነው። ክርክሩን በቃል ከመግጠም ይልቅ አንድ ነገር እንዲያደርግ ጠየቅሁት። ጌሙን ክፈት፣ አሥር ደቂቃ ተጫወት፣ ከዚያ የዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብተህ ጂፒዩ የሚለውን ንካ፤ ከታች ሁለት የሜሞሪ ግራፍ ታያለህ፣ ፎቶ ላክልኝ።

ላከ። ላይኛው ግራፍ፣ "ዴዲኬትድ" የሚለው፣ 2.9 ከ3.0 ላይ ደርቆ ቀርቷል። ታችኛው፣ "ሼርድ" የሚለው፣ ከምንም ተነስቶ እንደ ደረጃ እየወጣ ነው። ይህ ሁለተኛው ግራፍ ነው ወሬ የሚያወጣው። ካርዱ የራሱ ቦታ አልቆበት ከኮምፒውተሩ ራም እየተበደረ ነው ማለት ነው።

ብድሩ ለምን እንደሚጎዳ ያስረዳሁት በእናቱ ሱቅ ነው። አክስቴ መርካቶ ውስጥ ጠባብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። ዕቃው መደርደሪያ ላይ እስካለ ድረስ ደንበኛ "ያንን አሳዪኝ" ሲል እጇን ዘርግታ ታወርዳለች። መደርደሪያው ሲሞላ የተረፈው ጣቃ ከመንገዱ ማዶ መጋዘን ይገባል፤ በተፈለገ ቁጥር ልጅ ይላካል። አንዴ ቢላክ ምንም አይደል። በየደቂቃው ሲላክ ግን ደንበኛው ተገትሮ ይቀራል፤ አክስቴ ምንም ያህል ቀልጣፋ ብትሆን አያድናትም። መደርደሪያው የካርዱ ሜሞሪ ነው፤ አርቲኤክስ 5060 ላይ በሰከንድ 448 ጊጋባይት ያመላልሳል። መጋዘኑ የኮምፒውተሩ ራም ነው። መንገዱ ደግሞ ካርዱ የሚሰካበት ፒሲአይ ኤክስፕረስ፤ የልጁ ቢ450 ቦርድ ላይ ሦስተኛው ትውልድ ነው፣ 16ቱም ሌን (የመንገዱ ረድፍ) ሲሠራ በሰከንድ ወደ 16 ጊጋባይት፣ ስምንቱ ብቻ ሲሠራ 8 ገደማ ያሳልፋል። 448 ከዚህ፣ 8 ከዚያ።

የሜሞሪ እጥረትና የጂፒዩ ድካም አንድ ዓይነት በሽታ አይደሉም። ጂፒዩ ሲደክም ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የሥዕል ብዛት) በጨዋነት ይወርዳል፤ ጥላውን ትቀንሳለህ፣ ሬዞሉሽኑን ታወርዳለህ፣ ትንሹን ሥዕል በሚያሳድጉት በዲኤልኤስኤስ ወይም በኤፍኤስአር ታግዘዋለህ፣ ይገላገላል። ሜሞሪ ሲሞላ ጌሙ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ደግሞ ይሄዳል፤ ደግሞ ቀጥ። አማካዩ ቁጥር 60 ቢልም ዓይን የሚያየው መንተባተብ ነው። አንዳንዱ ጌም ደግሞ አይንተባተብም፤ ሳያማክርህ ቴክስቸሩን ያወርደዋል፣ ፊት ለፊትህ ያለው ግድግዳ ውኃ እንደነካው ሥዕል ይደበዝዛል። ይሄኛውን የፍሬም ሠንጠረዥ ፈጽሞ አያሳይህም፤ ሁለቱን ካርዶች እኩል አድርጎ ነው የሚጽፋቸው።

ቴክስቸር በሌላ በኩል የሚገርም ዕቃ ነው። ሜሞሪው ካለ ከፍተኛ ቴክስቸር ከጂፒዩው የሚፈልገው ጉልበት ኢምንት ነው። መካከለኛ ካርድ ይዞ የጌሙን መልክ እንደ ውድ ካርድ ማድረግ የሚቻልበት አንድ ሴቲንግ ቢኖር ይህ ነው። የሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን መንገድ የሚያሰላው) እና የፍሬም ጄነሬሽን (በሁለት ፍሬም መካከል ሌላ ፈጥሮ የሚያስገባው) ነገር ሌላ ነው፤ እነሱ ጉልበትም ሜሞሪም ይበላሉ። "ፍሬም ጄነሬሽን አለው" ተብሎ የሚሸጥ ባለ 8 ጊባ ካርድ ላይ ያንኑ ፍሬም ጄነሬሽን ሲያበሩት ሜሞሪው ሞልቶ ነገሩ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። ይህ ቀልድ የሚመስል እውነት ነው።

ልጁ ጥሩ ጥያቄ አመጣ። "ታዲያ ስምንት ከሦስት በጣም ይበልጣል። ለምን አይበቃም?"

እዚህ ላይ ከእሱ ክፍል ወጥቼ ወደ አርቲኤክስ 4060 ቲአይ መሄድ ነበረብኝ፤ ለዚህ ክርክር ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ባለ 8 ጊባው በሜይ 24 2023 በ399 ዶላር ወጣ። ባለ 16ቱ በጁላይ 18፣ በ499። ቺፑ አንድ ነው፣ ኮሮቹ 4352 እኩል፣ የሜሞሪ መስመሩ ባለ 128 ቢት፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 288 ጊጋባይት፣ እሱም እኩል። የማይመሳሰሉት በሜሞሪው መጠን ብቻ ነው። መንታ ልጆች አንዱን ጠባብ ቤት፣ ሌላውን ሰፊ ቤት አሳድጎ እንደማየት ነው።

ባለ 16ቱ ሲወጣ ገምጋሚዎቹ ሳቁበት። ልክም ነበሩ፤ አብዛኞቹ ጌሞች ላይ ሁለቱ ካርዶች እኩል ሄዱ፣ ለዚያ መቶ ዶላር መጨመር ያስቃል። ነገር ግን በጥቂቶቹ ጌሞች ላይ ባለ 8ቱ ሲንተባተብ ባለ 16ቱ ያለ አንዳች ችግር ሄደ። ቁም ነገሩ ያ "ጥቂት" ከዓመት ዓመት ወዴት እንደሄደ ነው። አደገ። በኤፕሪል 2025 ተተኪው 5060 ቲአይ እንዲሁ በሁለት መጠን ሲወጣ፣ ሠሪው ኢንቪዲያ ባለ 8ቱን ለገምጋሚዎች አስቀድሞ አልሰጠም፤ ሰዎቹ ከሱቅ ገዝተው ነው የለኩት። ልዩነቱም እንደ 2023ቱ በጥቂት ጌሞች ብቻ የተወሰነ አልነበረም።

ምን ተፈጠረ ቢባል፣ ኮንሶል ተቀየረ ነው መልሱ። የ2013ቱ ፕሌይስቴሽን 4 ለሁሉም ነገር 8 ጊባ ነበረው። በኖቬምበር 2020 የወጡት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 16 ጊባ ይዘው መጡ። ለሁለት ዓመት ያህል ጌም ሠሪዎች ለአሮጌውም ለአዲሱም ስለሚሠሩ ለውጡ አልታየም። በ2023 አሮጌውን ትተው ለአዲሱ ብቻ ሲሠሩ ጎርፉ መጣ። በማርች 28 2023 ለኮምፒውተር የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት ዋን ባለ 8 ጊባ ካርድ የያዙትን ሰዎች አስለቅሷል። የሴቲንግ ገጹ ላይ የሜሞሪውን አጠቃቀም የሚያሳይ መስመር ነበረው፤ ከፍተኛውን ስትመርጥ መስመሩ ከካርድህ አልፎ ሲሄድ በዓይንህ ታያለህ። እውነቱን ለመናገር የዚያ ጌም ችግር ግማሹ የሠሪዎቹ ጥድፊያ ነበር፤ በተከታታይ ማሻሻያ በኋላ ብዙ ተስተካክሏል። "ያኔ 8 ጊባ ሞተ" የሚሉት ስለዚህ አያሳምኑኝም። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም 10 ጊባ ብቻ ይዞ እስካለ ድረስ፣ ለእሱም የሚሠራ ሰው ትንሽ ሜሞሪን ጨርሶ ሊረሳ አይችልም። 8 ጊባ አልሞተም። ግን በዲሴምበር 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም ዝቅተኛ መስፈርት ብሎ የጻፈው አርቲኤክስ 2060 ሱፐር ነው፤ ባለ 8 ጊባ፣ የሬይ ትሬሲንግ ሃርድዌር ያለው። 8 ጊባ የበር መግቢያ ሆኗል ማለት ነው። ሰባት ዓመት ሊይዘው ላሰበ ሰው ከበሩ ጀምሮ መግዛት ምን ይባላል?

በነገራችን ላይ ኩባንያዎቹን አትስሙ። የኢንቪዲያ ተፎካካሪ ኤኤምዲ በ2023 ጸደይ "ተፎካካሪያችን ሜሞሪ ይሰስታል" የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ሲኩራራ ነበር። በ2025 የራሱን ባለ 8 ጊባ ካርድ ሊሸጥ ሲነሳ ደግሞ አንድ ኃላፊው ብዙው ተጫዋች 1080ፒ ላይ ስለሆነ ከ8 በላይ አያስፈልገውም አለ። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት መጋዘናቸው ውስጥ ስላለው ዕቃ ነው።

ለምን 12 አያደርጉትም ላለኝ ልጅ ደግሞ ስሌቱን ነገርኩት። እያንዳንዱ የሜሞሪ ቺፕ 32 ቢት መስመር ይይዛል። መስመሩ 128 ከሆነ አራት ቺፕ ይገባል፤ ባለ 2 ጊባ ቺፕ ሲሆን አራት ሲባዛ ሁለት፣ ስምንት። ከቦርዱ ጀርባም አራት ቢለጠፍ 16። በ2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 12 ጊባ የኖረው ኩባንያው ቸር ሆኖ አይደለም፤ መስመሩ 192 ስለነበረ ወይ 6 ወይ 12 ነው ያለው፣ 6 ደግሞ ያሳፍር ነበር።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ጠበበ፣ ግን አላለቀም። እጩዎቹን አንድ በአንድ አነሳን። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ አርቲኤክስ 3070 ሰው እየሸጠለት ነበር፤ ጎበዝ ካርድ ነው፣ 8 ጊባ ነው፣ የክሪፕቶ ቁፋሮ ዘመን ውስጥ ምን ሲሠራ እንደኖረ ማን ያውቃል። ተወው አልኩት። ያገለገለ 3060 ባለ 12 ጊባም ነበር። ልጁ "ሜሞሪ ካልክ ይሄው" አለኝ። እዚህ ላይ የራሴን ስብከት በራሴ መግታት ነበረብኝ፤ ሜሞሪ ብቻውን አያጫውትም። በጃንዋሪ 2024 በ329 ዶላር የወጣው አርኤክስ 7600 ኤክስቲ 16 ጊባ አለው፣ ቺፑ ግን ከባለ 8ቱ 7600 እምብዛም አይሻልም። ሰፊ መደርደሪያ ያለው፣ ባለሱቁ ግን የሚያንቀላፋ ሱቅ ነው። 3060ም ከ2025ቶቹ ጋር ሲተያይ ወደዚያ ያደላል።

ኢንቴል አርክ ቢ580 ፈተነኝ፤ 12 ጊባ፣ መስመሩ 192፣ መነሻ ዋጋው 249 ዶላር። ለሌላ ሰው ያለ ማመንታት እለዋለሁ። ግን ካርዱ ሪሳይዘብል ባር የሚባለው ነገር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ ሁሉ በአንዴ እንዲያይ የሚያደርገው) ካልበራለት ይሽመደመዳል፤ ድራይቨሩም (ካርዱን የሚያዘው ሶፍትዌር) ከአሮጌ ፕሮሰሰር ጋር ሲገጠም ፍሬሙ በጣም እንደሚወርድ በ2025 መጀመሪያ ላይ በሰፊው ተለክቷል። ራይዘን 3600 ለያዘ ልጅ አይሆንም።

የቀሩት የኢንቪዲያው 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊባ በ429 ዶላር፣ እና በጁን 5 2025 የወጣው የኤኤምዲው አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ባለ 16 ጊባ በ349 ዶላር ነበሩ። የሁለቱም ባለ 8 ወንድሞች ሲወጡ በ50 ዶላር ያንሱ ነበር፤ በ2023 መቶ ዶላር የነበረው የመደርደሪያ ዋጋ በግማሽ ወርዶ ነበር ማለት ነው። ሃምሳ ዶላር! ያችው የ2017ዋ ሃምሳ ዶላር።

ውሳኔውን የቆረጠልን ነገር የሌኑ ቁጥር ነው። 5060 ቲአይ የሚጠቀመው ስምንት ሌን ብቻ ነው። አምስተኛው ትውልድ ቦርድ ላይ ይህ ግድ አይሰጥም። የልጁ ሦስተኛ ትውልድ ቦርድ ላይ ግን ያ የ8 ጊጋባይቱ ቀጭን መንገድ ይሆናል። 9060 ኤክስቲ 16ቱንም ሌን ይጠቀማል። በእርግጥ 16 ጊባ ያለው ካርድ ብዙም አይበደርም፤ ስለዚህ የመንገዱ ጥበት ክፉኛ የሚጎዳው ባለ 8ቱን 5060 ቲአይ ነው፣ ባለ 16ቱ ጥቂት ነው የሚያጣው። ግን ያቺ ጥቂትና ሰማንያ ዶላር ተደምረው አንድ ወገን ላይ ወደቁ። በጀቱም 350 ነበር። 9060ው 160 ዋት ነው የሚፈልገው፣ አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ፤ ያለው 550 ዋት ከበቂ በላይ ነው። የኢንቪዲያው ዲኤልኤስኤስ ብዙ ጌም ውስጥ መኖሩን አልክድም፤ ልጁ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ሥዕል መሥሪያ ላይ የሚሠራ ቢሆን ኖሮም ሰማንያውን ከኪሴ ጨምሬ ኢንቪዲያውን እገዛለት ነበር። እሱ የሚሠራው የሠርግ ቪዲዮ መቁረጥ ነው፣ ለዚያ ሁለቱም ይሆናሉ።

ግዢው ላይ ልሳሳት ለጥቂት ነበር። የድረ ገጹ ዝርዝር ላይ ባለ 8ቱና ባለ 16ቱ ፎቶአቸው አንድ፣ ስማቸው አንድ፤ ቁጥሩ በረጅሙ ርእስ መጨረሻ ላይ ተቆርጦ በነጥብ ነጥብ ይታያል። ርካሿን አይቼ ቅርጫት ውስጥ ከተትኩ። የመክፈያው ገጽ ላይ ዋጋው ሲያንስብኝ ነው የነቃሁት። ስምንት ዓመት ሙሉ የተቆጨሁበትን ስህተት በአንድ ጠቅታ ልደግመው! ባለ 16ቱን ከተባለው ዋጋ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከነታክሱ ገዛሁት። ፍልሰታን አገር ቤት ልትጾም የምትሄድ ጎረቤታችን ሻንጣ ውስጥ ቦታ ሰጠችኝ። ሳጥኑን ጣልኩት፤ ካርዱን ከነፀረ ስታቲክ ከረጢቱ ለእናቷ በገዛችው ብርድ ልብስ ጠቀለለችው። "ልጄ፣ ይሄ የሚያክል ብረት ለጨዋታ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ለሥራም ነው አልኳት፤ ግማሹ እውነት ነው።

መግጠሙ አንድ ሰዓት ይፈጃል ብዬ ነበር። ሁለት ቀን ፈጀ። ሪሳይዘብል ባርን ለማብራት ባዮሱ (ማዘርቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) መታደስ ነበረበት፤ ኤኤምዲው እንደ ኢንቴሉ ያለዚህ አይሽመደመድም፣ ግን ያለውን ነገር ለምን ይተዋል። ችግሩ ባዮስ በሚታደስበት ሦስትና አራት ደቂቃ ውስጥ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ሬሳ መሆኑ ነው። ሰፈሩ ውስጥ በዚያ ሳምንት መብራቱ በቀን ሁለቴ ሦስቴ ብልጭ ይል ነበር። ልጁ ከሚሠራበት ስቱዲዮ ዩፒኤስ ተውሶ እስኪመጣ ጠበቅን። ባዮሱ ታደሰ። ከዚያ ሲኤስኤም የሚባለውን የድሮ አነሳስ ስልት አጥፍቶ ሲያስነሳ ዊንዶውሱ ጠፋ፤ ጥቁር ስክሪን። "ጋሼ፣ ገደልኩት" የሚል መልእክት በሌሊት ደረሰኝ። አልገደለውም። ዊንዶውሱ ኤምቢአር በሚባለው በድሮው የዲስክ አከፋፈል ላይ የተጫነ ስለነበረ ነው። ሲኤስኤምን መልሶ አብርቶ፣ ፋይሎቹን ኮፒ አድርጎ፣ ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ በሚባለው የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ ዲስኩን ቀየረ፤ ከዚያ ሲኤስኤምን እንደገና አጠፋ፣ ተነሳ። የድሮውን የኢንቪዲያ ድራይቨር ዲዲዩ በሚባል ማጽጃ ፕሮግራም ጠራርጎ የኤኤምዲውን ጫነ። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ የካርድ ምርጫ ላይ ስንከራከር ሳምንት ሙሉ ስለ ዲስኩ ማንም አላሰበም።

ውጤቱን በዚያችው በታስክ ማናጀር ነው የለካነው። የኢንዲያና ጆንሱ ጌም፣ አሮጌው ካርድ ላይ ጨርሶ የማይከፈተው፣ በ1080ፒ ተከፈተ። ጌሙ ለቴክስቸር የሚይዘውን ቦታ የምትመርጥበት ሴቲንግ አለው፤ ከፍ አደረገው። "ዴዲኬትድ" ከ10 ጊባ አለፈ፤ "ሼርድ" የሚለው መስመር ግን መሬት ላይ ተኝቶ አልተነቃነቀም። እርግጥ ጌም ቦታ ሲያገኝ ከሚያስፈልገው በላይ ይይዛል፤ 10 ስላየህ 10 የግድ ነው ማለት አይደለም። የማየው ታችኛውን ነው። እሱ ከተኛ ሰላም ነው።

ያልተፈታም አለ። ሆግዋርትስ ሌጋሲ ውስጥ መንደሯ ስትደርስ ፍሬሙ አሁንም ይወርዳል፤ ቴክስቸሩን ዝቅ ቢያደርግም ከፍ ቢያደርግም ያው። ጂፒዩው በግማሽ ጉልበት ነው የሚሠራው። የሚያንቀው ራይዘን 3600 ነው። ሜሞሪው ላይ ስንጨቃጨቅ ፕሮሰሰሩን ዘንግተን አልነበረም፤ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው፣ ቦርዱ ደግሞ ራይዘን 5600 ወይም 5700ኤክስ3ዲ ስለሚቀበል በሚቀጥለው ዓመት ፕሮሰሰሩን ብቻ ነቅሎ መተካት ይቻላል። ካርድ ላይ ግን ሜሞሪ ነቅለህ አትጨምርም። የተሸጠልህ ይዘኸው የምትኖረው ነው። ያንን ቅደም ተከተል ዛሬም አልቀይረውም።

አሮጌውን 1060 ለታናሽ እህቱ ሰጣት፤ ለትምህርት ቪዲዮና ለሚናፍቋት ሁለት ሦስት ቀላል ጌሞች። ኢንቪዲያ ለዚያ ትውልድ የሚያወጣውን የጌም ድራይቨር በኦክቶበር 2025 እንደሚያቆም፣ የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ እስከ 2028 እንደሚቀጥል ነግሬዋለሁ። ፋኗን አውጥቶ በጥርስ ብሩሽ አጸዳት፣ ማጓራቷ ቀነሰ አለኝ።

ባለፈው እሑድ ሌላ የድምፅ መልእክት ላከ። ከኋላው ምንም አይሰማም። "ጋሼ፣ 16 ጊባ ይዤ 1080ፒ ላይ መቀመጥ አያሳዝንም? 1440ፒ ስክሪን እዚያ ስንት ነው?"